ምንባብ ሲሰጣችሁ መስመሩን በትንፋሽ ቁረጡት

በጉባኤ ፊት ቅዱሳት መጻሕፍትን ሲያነቡ ብዙዎች የሚደናቀፉት ፊደሉ ጠፍቷቸው አይደለም። የታተመው መጽሐፍ መስመሩን የሚሰብረው በዓምዱ ስፋት እንጂ በሐሳቡ ስላልሆነ ነው፤ ዐይን ወደ ቀጣዩ መስመር ሲዘል ድምፅ ያለ ቦታው ይቆረጣል።

ምንባቡን በ18 መጠን ፊደል ገልብጡና በአንድ ትንፋሽ የሚነበበውን ብቻ በአንድ መስመር አስቀምጡ። የአማርኛ ግሥ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ማሰሪያውን፣ ማለትም ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግሥ፣ ከፊቱ ካለው ቃል አትለዩት፤ እዚያ ሳትደርሱም ድምፃችሁ አይውረድ። ከዚያ ጠብቆ በሚነበበው ፊደል ላይ ነጥብ አድርጉ። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው፤ ይህ ሕዝብ ፊት ቆሞ የሚወሰን ነገር አይደለም። እንደ ሐዋርያት ሥራ 2፥9-11 ስም የተደረደረበት ክፍል ከሆነ ስሞቹን ለብቻ ደጋግሟቸው። በመጨረሻ ቆማችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ ሦስት ጊዜ አንብቡ፤ በዐይን ብቻ ማንበብ ምላስን አያለማምድም።

ስትገለብጡ አንዲት ቃል እንኳ እንዳትለወጥ ከመጽሐፉ ጋር አመሳክሩ። ከመጽሐፉ ብቻ ማንበብ በሚጠበቅበት ቦታ ወረቀቱ ለልምምድ ይሁን።