ባለ ሦስት ደርብ የሠርግ ኬክን ደግፎ ማቆም

የሠርግ ኬክ ሲታዘዝ ሙሽሮቹም ቤተሰቡም የሚነጋገሩት ስለ ጌጡ፣ ስለ ቀለሙና ስለ አበባው ነው፤ ኬኩን እስኪቆረስ ድረስ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ግን እንግዳ የማያየው የውስጥ ድጋፍ ነው። የላይኛው ደርብ በታችኛው ኬክ ላይ የተቀመጠ ይመስላል እንጂ በእርግጥ ሊቀመጥበት አይገባም፤ ስፖንጅ ራሱን ከመቻል ያለፈ ጉልበት የለውም። ቤት ሲሠራ ሶሌታው የሚያርፈው በኮለኑ ላይ እንጂ በብሎኬቱ ላይ እንዳልሆነ ሁሉ፣ እዚህም የላይኛው ደርብ ክብደት ከሥሩ ባለው ካርቶን በኩል በታችኛው ኬክ ውስጥ ወደሚቆሙት የእንጨት ዘንጎች፣ ከዘንጎቹም ወደ መሠረቱ መውረድ አለበት።

የታችኛው ደርብ 30፣ የመካከለኛው 22፣ የላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ እያንዳንዱም ደርብ 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ክብ ኬክ እንውሰድ። የሁለቱ የላይኛ ደርቦች ይዘት ሲደመር ወደ 5 ሊትር ተኩል ይጠጋል፤ ከነክሬሙና ከነፎንዳንቱ፣ ማለትም ኬኩ ከላይ ከሚለብሰው የስኳር ሊጥ ጋር፣ ሲመዘን 4 ኪሎ ግራምን ያልፋል። አራት ባለ አንድ ኪሎ የስኳር ከረጢቶች በትሪ አድርጎ በስፖንጅ ላይ ጭኖ ለግማሽ ቀን መተው ምን እንደሚያስከትል ማሰብ፣ ድጋፍ ለምን እንደሚያስፈልግ በቂ መልስ ይሰጣል።

ድጋፉ ግን ያለ ጥሩ ስፖንጅ አይሠራም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቱ አነስተኛ ነው፤ በዚህ ምክንያት ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ይበልጥ ይለጠጣል፣ ኬኩም ውስጡ ሳይጸና ቶሎ ተነፍቶ መሐሉ ይሰምጣል። ለቆላማ አገር በተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ የሚጋግር ሰው ከቤኪንግ ፓውደሩ ሩብ ያህሉን ይቀንስ፣ ስኳሩንም በመጠኑ ያሳንስ፣ ወተት ወይም ሌላ ፈሳሽ ጥቂት ማንኪያ ይጨምር። ለታችኛው ደርብ በፉርኖ ዱቄትና በገበታ ቅቤ የተሠራ፣ ጠጠር ያለ ኬክ እመርጣለሁ፤ በእንቁላል ነጭ አረፋ ብቻ የተነሣ ቀላል ስፖንጅ ለላይኛው ደርብ ይቆይ።

ኬኩ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ጉብታው በረጅም ቢላዋ ተስተካክሎ ይቆረጣል፤ ከዚያም ንብርብሮቹ በክሬም ይያያዛሉ። በመካከል ማርማላታ ወይም ሌላ ልል ነገር የሚገባ ከሆነ አስቀድሞ በንብርብሩ ዳር ዳር ጠንከር ያለ የቅቤ ክሬም እንደ ግድብ መዞር አለበት፤ አለበለዚያ ማርማላታው ወደ ጎን ገፍቶ በማግሥቱ የኬኩን ወገብ ያሳብጠዋል። የተደራረበው ኬክ ወዲያውኑ ፎንዳንት ሊለብስ አይገባም። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ቀላል ትሪ ተጭኖበት ሌሊቱን በማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያድር፣ መስመጥ ያለበት ሁሉ ከሠርጉ በፊት ይሰምጣል።

እያንዳንዱ ደርብ የራሱ የሆነ፣ ከስፋቱ ጋር እኩል የተቆረጠ ጠንካራ ካርቶን ከሥሩ ያስፈልገዋል። ካርቶኑ እርጥበት እንዳይመጠው በአልሙኒየም ፎይል ይሸፈናል። መሠረቱ ግን ካርቶን መሆን የለበትም፤ ከታችኛው ደርብ በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔርሳቶ ከማንኛውም የእንጨት ሥራ ቤት ማስቆረጥ ይቻላል። ሲያነሡት የሚለምጥ መሠረት፣ ላዩ ምንም ያህል ቢያምር የፎንዳንቱን ዳር ይሰነጥቃል።

አሁን ወደ ዘንጎቹ እንምጣ። ከ8 ሚሊ ሜትር እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ቀለምም ሆነ ቫርኒሽ ያልነካው ክብ እንጨት ይመረጣል። ቀጭን የለስላሳ መጠጫ ስትሮ ይታጠፋል፤ የሽሽ ከባብ እንጨትም ከጭነት በታች ወደ ጎን ይሄዳል። በታችኛው ደርብ ላይ የ22 ሳንቲ ሜትሩን ባዶ መጋገሪያ በቀስታ አስቀምጠው ዙሪያውን በመርፌ ጫፍ ምልክት ያድርጉበት፤ ከዚያም ከምልክቱ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብለው፣ እኩል ርቀት ላይ ስድስት ቦታ ይምረጡ። ለመካከለኛው ደርብ፣ በላዩ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሚያርፍበት፣ አራት ዘንግ ይበቃዋል።

አቆራረጡ ላይ የሚሠራው ስሕተት የተለመደ ስለሆነ በዝርዝር ላስረዳ። የመጀመሪያው ዘንግ ኬኩ ከፍ ባለበት ቦታ እስከ ካርቶኑ ድረስ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ከኬኩ ገጽ እኩል በሆነበት ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግበትና ይወጣል። የቀሩት አምስቱ በየገቡበት ቦታ አይለኩም፤ ሁሉም በዚያ በአንዱ ልክ ይቆረጣሉ። ከተቆረጡ በኋላ በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ያቁሟቸውና ማስመሪያ በላያቸው ያጋድሙ፤ ከማስመሪያው በታች ብርሃን የሚያሳልፍ ዘንግ ካለ አጥሯል ማለት ነውና ይለወጥ፣ የረዘመውም በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ። ኬኩ ዝቅ ባለበት በኩል ዘንጉ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቅ ቢል አያሳስብም፤ ክፍተቱን ክሬም ይሞላዋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ኬኩ ራሱ እንደገና መስተካከል ያስፈልገዋል።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ሥራውን በጀመርኩበት ዘመን ለአንድ የዘመድ ሠርግ በሠራሁት ኬክ ላይ እያንዳንዱን ዘንግ በገባበት ቦታ ለክቼ ቆረጥኩ። ኬኩ በአንድ በኩል ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ስለነበር ዘንጎቹም ያንኑ ዝንባሌ ተከተሉ፤ ቤት ውስጥ በዓይን የማይታወቀው መዝመም አዳራሹ ስንደርስ ላይኛው ደርብ ላይ ጎልቶ ታየ፤ ፎንዳንቱም ከሥሩ መሰንጠቅ ጀመረ። ሙሽሮቹ ከመግባታቸው በፊት ላይኛውን ደርብ አውርጄ በትሪ ለብቻው አቀረብኩት። የሙሽራዋ እናት አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ ያ ዝምታቸው ዛሬም ዘንግ በቆረጥኩ ቁጥር ይታወሰኛል።

ዘንጎቹ እኩል መሆናቸው ብቻ አይበቃም፤ ቱንቢ የተጣለላቸው ያህል ቀጥ ብለው መግባትም አለባቸው። ያዘመመ ዘንግ ክብደት ሲያርፍበት ከነጭነቱ ወደ ዘመመበት ይገፋል። ሲያስገቡ ከላይ ብቻ ሳይሆን ጎንበስ ብለው ከፊትም ከጎንም ይመልከቱት።

እነዚህ ዘንጎች ክብደቱን ወደ ታች ያወርዳሉ፤ መኪና ሲታጠፍና ፍሬን ሲያዝ ደርቦቹ እንዳይንሸራተቱ የሚይዘው ግን ሌላ ነው። የጎጆ ቤት ምሰሶ መሐል ላይ እንደሚቆም፣ ለኬኩም አንድ ረጅም ምሰሶ ይቆምለታል። በአሠራሬ ይህ ምሰሶ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ያለው እንጨት ሲሆን ከኮምፔርሳቶው ሥር በብሎን ይታሰራል፤ ለምግብ በሚሆን ፕላስቲክም ይጠቀለላል። ቁመቱ ከጠቅላላው ኬክ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ያንሳል። የየደርቡ ካርቶን ኬኩ ሳይቀመጥበት በፊት መሐሉ ላይ ከምሰሶው ጥቂት ሰፋ ብሎ ይበሳል። ደርቡ በምሰሶው ላይ ሲወርድ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ኬኩን ከሥሩ ይይዛል፣ ሌላው ቀዳዳውና ምሰሶው መግጠማቸውን እየተመለከተ ይመራዋል። ከመውረዱ በፊት የታችኛው ደርብ መሐል ላይ ጥቂት የቅቤ ክሬም ቢቀባ ካርቶኑን ያጣብቀዋል።

ሁለቱን የታች ደርቦች ቤት ውስጥ ገጥሞ፣ ላይኛውን በራሱ ሣጥን ይዞ ሄዶ አዳራሹ ውስጥ መግጠም ከሁሉ ይሻላል። በመኪና ወንበር ላይ ኬክ አይቀመጥም፤ ወንበር ወደ ኋላ ያዘነብላልና። ቦታው ጠፍጣፋው የዕቃ መጫኛ ወለል ሲሆን፣ ከሥሩ የማያንሸራትት የላስቲክ ምንጣፍ ይነጠፋል። ኬኩ በሚገባ ቀዝቅዞ ቢጓዝ ክሬሙ ስለሚጠነክር የኮብልስቶን መንገድን መንቀጥቀጥ በተሻለ ይችለዋል። ጥቂት ክሬም፣ መሰቅሰቂያና ትርፍ ዘንግ ሳይያዝ ከቤት መውጣት ልክ አይደለም።

አዳራሽ ሲደረስ መጀመሪያ የሚታየው ጠረጴዛው ነው። ጨርቁ ተገልጦ እግሮቹ ይፈተሹ፤ ውሃ ልክ በላዩ ይቀመጥና ያዘነበለው እግር ሥር ካርቶን ይግባ። ጠረጴዛው ከሞንታርቦው ርቆ ይቁም፤ ወፍራሙ ድምፅ ጠረጴዛውን ሲያንቀጠቅጠው ያመሻልና። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ በድንኳን ወይም በግቢ የሚደረግ ከሆነም ፀሐይዋ ከሰዓት በኋላ የምትዞርበትን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል፤ የገበታ ቅቤ ክሬም ፀሐይ ላይ ሳይቆይ ይለሰልሳል። ጽጌረዳ የሚሰካበት ከሆነ ግንዱ ተጠቅልሎ ይግባ፤ ለአበባ ማስቀመጫ የተመረተ እንጂ ለምግብ የታሰበ አይደለም።

አንዳንድ ቤተሰብ ላይኛውን ደርብ ለመልስ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ሲሆን እሱ በቅድሚያ ከነካርቶኑ በምሰሶው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሣል፤ ወደ ጎን ከተሳበ ምሰሶው መሐሉን ይቀደዋል። የቀሩት ደርቦች ሲቆረሱ እኛ ስለማንኖር፣ ስድስት ዘንግ ከታች፣ አራት ዘንግ ከመሐል፣ አንድ ምሰሶ በሁሉም ውስጥ እንዳለ በወረቀት ጽፎ ለአስተናጋጆቹ ኀላፊ መስጠት ያስፈልጋል፤ እርሱም ኬኩ ለእንግዳ ከመቅረቡ በፊት ዘንጎቹን አውጥቶ ከምሰሶው ጋር አሥራ አንዱም መገኘታቸውን ይቆጥራል።