ከአያታችሁ ጋር ስታወሩ ስልካችሁን ሪከርድ ላይ አድርጉት

አያት ያላችሁ ልጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ዝም ብላችሁ «እማማ የድሮ ታሪክ ንገሪኝ» ካላችኋት «ምን ታሪክ አለኝ ልጄ» ብላ ነው የምትዘጋችሁ፣ እኔ ስንት ጊዜ ሞክሬ እምቢ ብሎኛል። ይልቅ እጇ ስራ ላይ እያለ ጠይቋት፣ ምስር ስትለቅም ወይ ጥጥ ስትፈትል፣ ሪከርዱን ከፍታችሁ (አስፈቅዳችሁ ግን!) አጠገቧ ቁጭ በሉ። ዓመተ ምህረት ብዙዎቹ አይዙትም፣ «ንጉሡ ሲወርዱ ስንት ልጅ ነበረሽ?» በሏት፣ ያ መስከረም 1967 ነው፣ «በ77ቱ ድርቅስ?» «ደርግ ሲወድቅስ?» ስትሉ ደግሞ 1983 ላይ ደረሳችሁ፣ በቃ የሷንም የልጆቿንም እድሜ ታገኙታላችሁ። የኔዋ እንዝርቷን እያሾረች ነው የነገረችኝ፣ እናቴን አዝላ ሌሊት ተነስታ በድንጋይ ወፍጮ ስትፈጭ እንደነበር፣ መጁ (በእጅ የሚገፋው የላይኛው ድንጋይ) የላጠውን መዳፏን ገልብጣ አሳየችኝ፣ አሁንም ሻካራ ነው። «ዛሬ ወፍጮ ቤት አለ፣ ቧንቧ አለ፣ ቡና የሚጠራራ ጎረቤት ነው የቀነሰው» ያለችው በድምጿ አለኝ። ፋይሉን ስልካችሁ ላይ ብቻ እንዳትተዉት፣ ስልክ ይሰረቃል ይበላሻል፣ ያንኑ ቀን ለወንድም ለእህት በቴሌግራም ላኩት።