ዳፍኒያዎቹ ሞቱ፤ ገዳዩ ናኖፓርቲክሉ ነው?

ጠዋት ወደ ሐዋሳ ዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ብትወርዱ ቆሮሶና አምባዛ ከጀልባ ሲራገፍ፣ አባ ኮዳዎቹ ደግሞ ዓሣ የሚያጸዱት ልጆች እግር ሥር ሲያንዣብቡ ታያላችሁ። የሐዋሳ ሐይቅ የገባበትን ነገር ጠርጎ የሚያወጣለት ወንዝ የለውም። ስለዚህ የፖሊመር ናኖፓርቲክል (ከፕላስቲክና ከመሰሎቹ የሚሠራ፣ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ቅንጣት) የውሃ ፍጥረትን ይጎዳል ወይ የሚለው ጥያቄ እዚህ ከተማ ላቦራቶሪ ውስጥ ለምንሠራ ሰዎች የቅርብ ጉዳይ ነው። መልሱ ትክክል ካልሆነ ግን ባይሰጥ ይሻላል።

ከታች ያሉት በ48 ሰዓቱ የዳፍኒያ ሙከራ ላይ ደጋግመው የሚገጥሙ ችግሮች ናቸው። ዳፍኒያ ቁንጫ የምታክል፣ ውሃ ውስጥ እየዘለለች የምትዋኝ ፍጥረት ናት። ለሙከራው የሚያገለግሉት ከተወለዱ 24 ሰዓት ያልሞላቸው ግልገሎች ናቸው።

ምንም ያልተጨመረበት ኮንትሮል ውስጥ ይሞታሉ

ከ10 በመቶ በላይ መዋኘት ካቆሙ ሙከራው ውድቅ ነው። በዚህ ላይ ድርድር የለም። መጀመሪያ ውሃውን ጠርጥሩ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪን ይኖርበታል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን አየር ንፉበትና ክሎሪኑ መጥፋቱን በመመርመሪያ አረጋግጡ። ቀጥሎ ሙቀቱን እዩ። ዳፍኒያ ማግና የምትፈልገው ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ነው፤ የሐዋሳ ከሰዓት በኋላ ከዚህ ያልፋል። መብራት ከጠፋ ማቀዝቀዣውም አብሮ ይጠፋል። ቢከሮቹን ሰፊ የውሃ ገንዳ ውስጥ ብታስቀምጡ ሙቀቱ ቶሎ አይዘልም።

የኦክስጅን ንባብ ዝቅ ብሎ ብታዩት አትደንግጡ። ከተማችን 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባሕር ጠለል ላይ በ20 ዲግሪ 9.1 ሚሊግራም በሊትር የሚይዝ ውሃ፣ እዚህ 7.4 አካባቢ ሲደርስ ይጠግባል። ሜትሩን ስታስተካክሉ ከፍታውን አስገቡ።

በትንሹም በትልቁም መጠን ይሞታሉ

እኔን ያቃጠለኝ ይሄኛው ነው። ፖሊስታይሪን የሚባለው ፕላስቲክ ነበር፣ 100 ናኖሜትር፣ ተገዝቶ የመጣ። ቢከሩን ቀስ አድርጌ አወዛወዝኩና 15 ሰከንድ ቆጠርኩ። የምትዋኝ አንዲት እንኳን የለችም። ማይክሮስኮፕ ሥር አንዷን ሳያት ልቧ ይመታል፤ እጆቿ ግን ተዘርግተው ቀርተዋል። ግራፉ ደግሞ ያምር ነበር፤ መጠኑ ሲጨምር መዋኘት የሚያቆሙትም ይጨምራሉ። ልጽፈው ተቀምጬ ሳለ አንድ ወንድማችን ጠርሙሱን አንስቶ ትንሿን ጽሑፍ አነበበልኝ። ሶዲየም አዛይድ አለበት።

አዛይድ ባክቴሪያ እንዳይበቅል የሚጨመር መከላከያ ነው። ዳፍኒያንም ይገድላል። ቅንጣቶቹ እንዳይጣበቁ የሚጨመረው ሳሙና መሰል ኬሚካልም ብቻውን ሊገድል ይችላል። ስቶኩን (የተገዛውን ወፍራም ፈሳሽ) በውሃ ባቀጠንነው መጠን እነዚህም አብረው ስለሚቀንሱ፣ ግራፉ የቅንጣቱ ይመስላል እንጂ የመከላከያው ነው።

መፍትሄው ሁለት ነው፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ስቶኩን በዳያሊሲስ ከረጢት (ቅንጣቱን ይዞ ኬሚካሉን በሚያሳልፍ) አድርጋችሁ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ውሃውን እየቀያየራችሁ ጥቂት ቀናት አቆዩት። ከዚያ መጠኑንና ስፋቱን እንደገና ለኩ፣ ምክንያቱም በመንገድ የሚጠፋም የሚጣበቅም ቅንጣት አለ። መከላከያው ከወጣ በኋላ ባክቴሪያ ስለሚበቅልበት ፍሪጅ አስገቡትና ቶሎ ተጠቀሙ። ሁለተኛ፣ ከስቶኩ ቅንጣቱን በአልትራፊልተር (ቀዳዳው እጅግ ጠባብ በሆነ ማጣሪያ) አስቀሩና የወረደውን ውሃ ብቻ ለዳፍኒያ ስጡ። እዚያም ከሞቱ ገዳዩ ቅንጣቱ ነው ማለት አይቻልም። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል።

አዛይድ ያለበትን ፍሳሽ ሲንክ ውስጥ አትድፉ። ከመዳብና ከእርሳስ ቧንቧ ጋር የሚፈነዳ ውህድ ይሠራል። አሲድ ሲነካው ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ማንም አይሞትም፣ ግን ሥሩ ላይ ነጭ ነገር ተቀምጧል

ቅንጣቱ ተቋጥሯል። ወተት ላይ ሎሚ ሲጨመር እንደሚሆነው ማለት ነው። የዳፍኒያ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዥየም ስላለው ቅንጣቶቹን የሚያራርቀውን የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያዳክመዋል። 100 ናኖሜትር ብላችሁ የጻፋችሁት ነገር ዳፍኒያዋ ጋ ሲደርስ ማይክሮሜትር ሆኗል፣ ወይም የቢከሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል።

ስፋቱን በንጹሕ ውሃ ሳይሆን ሙከራው በሚካሄድበት ውሃ ውስጥ ለኩ፤ መጀመሪያ፣ በ24ኛው እና በ48ኛው ሰዓት። መጠኑም ያፈሰሳችሁት ሳይሆን የለካችሁት ይጻፍ። እንዳይቋጠር ብላችሁ ሳሙና አትጨምሩ፣ ወደ ቀደመው ችግር ትመለሳላችሁ። የሐይቅ ውሃ ውስጥ ያለው የብስባሽ ንጥረ ነገር ቅንጣቱን ሸፍኖ ሊያቆየው ስለሚችል፣ ከተመቻችሁ ከሰው ሠራሹ ውሃ ጎን ለጎን የተጣራ የሐይቅ ውሃም ሞክሩ።

ሰውነቷ በሙሉ አረንጓዴ ያበራል

ቅንጣቱ ከአንጀት አልፎ ገባ ብላችሁ አትቸኩሉ። ቅንጣቱ እንዲታይ የተነከረበት የሚያበራ ቀለም ከቅንጣቱ ለቅቆ ስብ ውስጥ ሊከማች ይችላል። ቅንጣቱ ተጣርቶ የወጣለትን ውሃ የወሰዱ ዳፍኒያዎችን፣ እንዲሁም ምንም ያልተሰጣቸውን አጠገባቸው አድርጋችሁ እዩ። አንጀቷ በራሱም ትንሽ ያበራል፣ በተለይ አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅል ደቃቅ አረንጓዴ ፍጥረት) ከበላች።

አልጌው በመርዙ ውስጥ የበለጠ ያደገ ይመስላል

ይሄ ከዳፍኒያው ሌላ፣ በአልጌ ላይ ሙከራ ስትሠሩ የሚገጥም ነው። ማሽኑ ቅንጣቱንም አልጌ ብሎ እየቆጠረ ነው። በብርሃን መጋረድ መለካት ትታችሁ ክሎሮፊሉን አውጥታችሁ ለኩ፣ ወይም በማይክሮስኮፕ ቁጠሩ።

ፒኤች ይወርዳል

ቅንጣቱ ፒኤልጂኤ ከሚባለው፣ ውሃ ውስጥ ከሚፈርሰው ፖሊመር የተሠራ ከሆነ ሲፈርስ ላክቲክና ግላይኮሊክ አሲድ ይሰጣል። ያንኑ ፒኤች ያለው፣ ቅንጣት የሌለው ኮንትሮል ጨምሩ።

ሁሉም ተስተካክሎ ውጤቱ ግን ሳምንት በሳምንት ይለያያል

ዳፍኒያዎቹን ለመፈተን፣ ጉዳቱ አስቀድሞ የታወቀውን መርዝ ፖታሲየም ዳይክሮሜት ስጧቸው። በ24 ሰዓት ግማሾቹን የሚያስቆመው መጠን ከ0.6 እስከ 2.1 ሚሊግራም በሊትር መካከል መሆን አለበት። ከዚያ ከወጣ ችግሩ ከዳፍኒያዎቹ ወይም ከአያያዛቸው ነውና፣ ናኖፓርቲክሉን ፍሪጅ መልሱትና ማርቢያውን ከምግቡ ጀምራችሁ ፈትሹ።