ጋዝ አያልቅም፦ በረሃማ አገር ኤሲ የሚጠቀሙ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሙቀቱ ወራት ገብተው ስልኬ መጮህ ሲጀምር አብዛኞቹ ደዋዮች የሚሉኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ «ኤሲው ማቀዝቀዝ አቁሟል፤ ጋዙ ሳያልቅ አይቀርምና መጥተህ ሙላልን።» በዚህች አጭር አነጋገር ውስጥ ምርመራውም ሕክምናውም ተጠናቋል፤ ለእኔ የቀረልኝ ሲሊንደሩን ተሸክሞ መምጣት ብቻ ነው። ይህን ጥሪ ለብዙ ዓመታት በትሕትና ስቀበል ኖሬአለሁ፤ አሁን ግን ያለቀው ጋዙ ሳይሆን የእኔ ትዕግሥት በመሆኑ፣ ከዚሁ ጉዳይ ጀምሬ በየቤቱ የማያቸውን ስህተቶች በጽሑፍ ላስቀምጣቸው ወስኛለሁ።

ኤሲ ብርድ አያመርትም፤ በቤት ውስጥ ያለውን ሙቀት ለቅሞ ወደ ውጭ የሚያወጣ ተሸካሚ ነው። ሙቀቱን የሚሸከመው ጋዝ ደግሞ እንደ ቤንዚን እየተቃጠለ አያልቅም። በተዘጋ የመዳብ ቱቦ ውስጥ እየዞረ፣ ቤት ውስጥ ባለው ጥምዝምዝ ቱቦ፣ ማለትም በኮይሉ፣ ከፈሳሽነት ወደ ጋዝነት ሲለወጥ ሙቀት ይስባል፤ ውጭ በሚቀመጠው አካል፣ በእኛ አጠራር በአውትዶሩ፣ ኮምፕሬሰሩ ጨምቆት ወደ ፈሳሽነት ሲመለስ የሳበውን ሙቀት ይተፋል። ቱቦው እስካልተበሳና መገጣጠሚያው እስካልላላ ድረስ፣ በተገጠመበት ቀን የነበረው መጠን ኤሲው እስኪያረጅ እዚያው ይኖራል። ስለዚህ ጋዙ ከጎደለ ፈስሷል ማለት ነው፤ የፈሰሰበትን ቦታ ሳይፈልጉ መሙላትም በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው።

ጉዳቱ በየዓመቱ ለሚሞላው ጋዝ በሚከፈለው ገንዘብ አያበቃም። ኮምፕሬሰሩ ራሱ የሚቀዘቅዘው ከቤት ተመልሶ በሚመጣው ቀዝቃዛ ጋዝ ነው፤ ጋዙ ሲያንስ ኮምፕሬሰሩ ይግላል፣ ክፍሉም የታዘዘው ዲግሪ ላይ ስለማይደርስ ያለ ዕረፍት ይሠራል። የማቀዝቀዝ አቅሙ ቀስ በቀስ እየወረደ ቆጣሪው ለሳምንታት ሲሮጥ ይከርምና፣ «አቆመ» የሚባለው ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

ሦስት የሙቀት ወቅት ተከታትሎ ጋዝ የተሞላበት አንድ ቤት አስታውሳለሁ። ሦስት ባለሙያዎች በየተራ መጥተው፣ ሞልተው፣ ተከፍሏቸው ሄደዋል፤ አራተኛው እኔ ነበርኩ። የአውትዶሩን የጎን ክዳን ስከፍት ሌላው ቦታ ሁሉ ደረቅና ግራጫ አቧራ ለብሶ ሳለ፣ ወፍራሙ ቱቦ ከቫልቩ ጋር በሚገናኝበት ዳዶ ዙሪያ ብቻ አቧራው ጠቁሮና ተለጥፎ ነበር። ከጋዙ ጋር አብሮ የሚዞረው የኮምፕሬሰር ዘይት በትንሽ በትንሹ እየወጣ አቧራውን ይዞታል ማለት ነው። የሳሙና አረፋ ብቀባበት እንደ ሕፃን አፍ መንፋት ጀመረ። የመጀመሪያው ገጣሚ በሁለት መፍቻ አንዱን ይዞ ሌላውን ማጥበቅ ሲገባው በአንድ መፍቻ ታግሎ የቱቦውን ከንፈር ሰንጥቆታል። ጫፉ ተቆርጦ እንደ አዲስ ተከፍቶ ሲታሰር ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ሆነ። ሦስቱ ባለሙያዎች ያቺን ጥቁር ነጠብጣብ ሳያዩዋት ቀርተዋል ብዬ ለማመን እቸገራለሁ።

ስለዚህ «ጋዝ ልሙላ» የሚል ባለሙያ ሲመጣ ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ የፈሰሰው ከየት ነው? ከጠገንክ በኋላ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩንና እርጥበቱን ታወጣለህ? ስንት ግራም ትሞላለህ? መጠኑ በአውትዶሩ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ተጽፏል፤ ሙሉ ሙሌትም በሚዛን እንጂ ቱቦውን በእጅ ዳስሶ «አሁን በቃ» በማለት አይሆንም። ጋዞቹም አይቀላቀሉም፤ አር-22 ለሚባለው ጋዝ በተሠራ ኤሲ ውስጥ ከእሱ እጅግ ከፍ ባለ ግፊት የሚሠራውን አር-410ኤ የተባለ ጋዝ መክተት አደጋ መጋበዝ ነው፣ በአዳዲሶቹ ኤሲዎች የሚገባው አር-32 ደግሞ በተወሰነ ሁኔታ ሊቀጣጠል የሚችል በመሆኑ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ከአገልግሎት እየወጣ ያለው አር-22፣ አሁንም በየጣሪያው ላይ በብዛት አለ፤ የእርስዎም ኤሲ በዚህ ጋዝ የሚሠራና የሚያፈስ ከሆነ፣ ገንዘቡን በየዓመቱ ከመሙላት ለአዲስ ማጠራቀሙ ይሻላል።

ሁለተኛው ስህተት ሪሞቱን ወደ 16 ዲግሪ ማውረድ ነው። ሰው ከፀሐይ ሲገባ ቶሎ እንዲቀዘቅዝለት ያደርገዋል፤ ነገር ግን ኢንቨርተር ያልሆነ፣ ማለትም የኮምፕሬሰሩን ፍጥነት እንደ ሙቀቱ የማይለዋውጥ ኤሲ በ16ም ታዘዘ በ25 የሚያቀዘቅዝበት ፍጥነት አንድ ነው፣ የሚለየው መቼ እንደሚያርፍ ብቻ ነው። ውጭው 44 ዲግሪ ሆኖ ክፍሉ 24 ላይ ቢያዝ በግድግዳው ግራና ቀኝ ያለው ልዩነት 20 ዲግሪ ነው፤ ክፍሉ 18 ይሁን ከተባለ ልዩነቱ 26 ይሆናል። በግድግዳና በጣሪያ በኩል የሚገባው ሙቀት የልዩነቱን ያህል ስለሚጨምር፣ በዚህች ስድስት ዲግሪ ብቻ በዚሁ በኩል የሚመጣበት ጭነት 30 በመቶ ከፍ አለ ማለት ነው። በዚህ ላይ በእንዲህ ያለ ቀን ብዙዎቹ ኤሲዎች 16 ላይ ጨርሶ ስለማይደርሱ ኮምፕሬሰሩ ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም። 25 ወይም 26 ላይ አድርጎ ማራገቢያ መጨመር በቂ ነው። ማራገቢያ ግን ሰውን እንጂ ክፍሉን አያቀዘቅዝም፤ ማንም በሌለበት ክፍል ሲሽከረከር ቢውል ትርፉ ከሞተሩ የሚወጣው ሙቀት ብቻ ነው።

«ቀኑን ሙሉ ክፍት መተው አጥፍቶ ከማብራት ይረክሳል» የሚለውም ሐሰት ነው፤ ለግማሽ ሰዓት የሚወጣ ሰው ባያጠፋው ግድ የለም፣ ለስምንት ሰዓት የሚወጣ ግን ያጥፋው ወይም ዲግሪውን ከፍ ያድርገው።

ወደ አቧራው ልምጣ። አብዛኛው የአጠቃቀም መመሪያ የተጻፈው የአሸዋ ነፋስ ለማያውቅ አገር ነው፤ ፊልተሩን በወር አንዴ አጽዱ ቢል እርስዎ በሁለት ሳምንት ያድርጉት፣ አቧራ የጫነ ነፋስ ካለፈ ደግሞ በማግስቱ። መብራት ፊት ያንሱት፤ የአምፖሉ ቅርጽ በፊልተሩ ውስጥ ጥርት ብሎ ካልታየ ይታጠብ፣ በጥላ ይድረቅ፣ እርጥብ እንዳለ አይመለስ። «አየሩ በደንብ እንዲወጣ» ብለው ፊልተሩን አውልቀው የሚጥሉ ሰዎች አሉ። እነዚህን የምላቸው አጥቼ ዝም ብያለሁ፤ አቧራው እርጥብ በሆነው ኮይል ላይ ጭቃ ሆኖ ሲጋገር ያንን ማጠብ ፊልተር እንደ ማጠብ ቀላል አይደለም።

አውትዶሩን ግን ማንም አያስታውሰውም። በስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎቹ መካከል አቧራ ሲሞላ ሙቀቱ የሚወጣበት ያጣል፤ የጋዙ ግፊት ይጨምራል፣ ኮምፕሬሰሩም ያንኑ ሥራ በበለጠ ኤሌክትሪክ ይሠራዋል። ብሬከሩን አጥፍቶ በጠዋት፣ አውትዶሩ ሳይግል፣ በተራ የጎማ ውሃ ከውስጥ ወደ ውጭ ማጠብ ነው። መኪና የሚታጠብበት ባለ ከፍተኛ ግፊት ፓምፕ ቅጠሎቹን ያጥፋቸዋል፤ አንዴ ከታጠፉ በማበጠሪያ አንድ በአንድ ማቅናት የሚያስከትለውን ስቃይ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አንድ ደግ ደንበኛዬ አውትዶሩን ከፀሐይና ከአቧራ ላድነው ብሎ ዙሪያውን በቆርቆሮ ሳጥን አሠራለት፤ ከፊት ለፊቱ እንደ ወንፊት የተበሳሳ በር ነበረው፣ ቀለሙም ከቤቱ ጋር ተስማምቷል። ኤሲው በየቀኑ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ይጠፋ ጀመር። ቴርሞሜትር ባስገባ የሳጥኑ ውስጥ ከውጭው አየር ከ10 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ማራገቢያው የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ እየሳበ፣ ግፊቱ ጣሪያ ሲነካ መከላከያው ያጠፋዋል። ጥላ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከላይ ብቻ፣ በርቀት፣ አየሩ በነፃ ገብቶ በነፃ እንዲወጣ ሆኖ ይሁን። ሳጥኑን ስናፈርሰው ሰውየው እንዳዘነ ታዝቤአለሁ።

ሲገዙ የሚሠራው ስህተት ደግሞ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ ማመን ነው። አንድ ቶን የሚባለው በሰዓት 12,000 ቢቲዩ (ቢቲዩ የሙቀት መለኪያ ነው)፣ ማለትም በግምት 3.5 ኪሎዋት ሙቀት የመሸከም አቅም ነው፤ ይህም አይኤስኦ 5151 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ቲ1 በሚባለው ሁኔታ የሚለካው ውጭው 35 ዲግሪ ሲሆን ነው። በበረሃ 35 ዲግሪ ደስ የሚል ጠዋት ነው። ሙቀቱ ከዚያ ሲያልፍ የማቀዝቀዝ አቅሙ ይወርዳል፣ የሚበላው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ ስለዚህ በ46 ዲግሪ የተለካውን፣ ቲ3 የሚለውን ጽሑፍ ይፈልጉ። ፍጆታንም ያነጻጽሩ፦ 18,000 ቢቲዩ የሚሰጥ ኤሲ ለእያንዳንዱ ዋት 10 ቢቲዩ ከሆነ የሚያወጣው 1,800 ዋት ይበላል፣ 12 ቢቲዩ ከሆነ ግን 1,500 ዋት። ልዩነቱ በቀን 10 ሰዓት ለሚሠራ ኤሲ በወር 90 ኪሎዋት ሰዓት ነው። «ከበቂ በላይ ይሁን» ብሎ እጅግ ትልቅ መግዛትም አይበጅም፤ ኢንቨርተር ካልሆነ በየአምስት ደቂቃው እየበራ እየጠፋ ኮምፕሬሰሩን ይጨርሰዋል።

በውሃ የሚሠራውን ማቀዝቀዣ ከኤሲ ጋር በአንድ ክፍል ማብራት የማይረባ ጋብቻ ነው። የውሃው ማቀዝቀዣ በደረቅ አየር እጅግ በጥቂት ኤሌክትሪክ ጥሩ ይሠራል፤ ግን እርጥበት ስለሚጨምር መስኮት ተከፍቶለት ነው፣ ኤሲው ደግሞ መስኮት ተዘግቶለት ያንኑ እርጥበት መልሶ ወደ ውሃ ለመለወጥ ጉልበቱን ያባክናል። ወይ አንዱን ወይ ሌላውን ይምረጡ። የበረሃ ሌሊት ከቀኑ በ15 ዲግሪ እና ከዚያም በላይ ሊወርድ ስለሚችል፣ አቧራ በሌለበት ሌሊት መስኮት ከፍቶ ግድግዳውን ማብረድ፣ ፀሐይ ሳትወጣ መዝጋት፣ ከሁለቱም ይረክሳል። መጋረጃ ከውስጥ መጋረድ ግን ብዙ አይጠቅምም፣ ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ገብቷልና፤ ጥላው ከመስኮቱ ውጭ ይሁን፣ በተለይ የምሥራቅና የምዕራብ ፀሐይ ዝቅ ብላ በምትገባበት በኩል።

አሁን የራሴን ልናገር። ተለማማጅ ሳለሁ የአንድ ኤሲ የውስጥ ኮይል በረዶ ሠርቶ አገኘሁት፤ ባለቤቱ «እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ ተመልከት» ብሎ ሲደሰት እኔም አብሬው ተደሰትኩ፣ ከዚያም በረዶውን በካቻቢቴ መፈቅፈቅ ጀመርኩ። ፍስስ የሚለውን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። በረዶ የጥንካሬ ምልክት አይደለም፤ ወይ ፊልተሩ ተዘግቶ አየር አላልፍ ብሏል፣ ወይ ጋዙ አንሷል። ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ ማራገቢያው ብቻ እንዲሠራ ማድረግና መጠበቅ ነው። የዚያን ኮይል ዋጋ ከደመወዜ ከፍዬአለሁ።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ወዲያው ማብራትም ኮምፕሬሰር ይገድላል፤ በሁለቱ ቱቦዎች ያለው ግፊት እስኪመጣጠን ሦስት ደቂቃ ይታገሡት። ኮምፕሬሰሩ እያንጎራጎረ አልነሳ ካለም «ተቃጥሏል» የሚለውን ፍርድ ከመቀበል በፊት ኮምፕሬሰሩን ለማስነሳት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ፣ ካፓሲተሩ፣ ይለካ፤ ሙቀት ቶሎ የሚገድለው ዕቃ እሱ ነው፣ ዋጋውም ከኮምፕሬሰሩ ጋር አይወዳደርም። መብራቱ ከጠፋም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ ግን በራስዎ እጅ አይንኩት።

የመጨረሻው የውሃ ማስወገጃው ቱቦ ነው። አየሩ ደረቅ በሆነባቸው ወራት ከኤሲው ጠብታ እንኳ ስለማይወርድ ሰው መኖሩን ይረሳዋል፤ አቧራ ውስጡ ይጠራቀማል፣ ነፍሳትም ጎጆ ይሠሩበታል። ከዚያ አየሩ እርጥበት የሚይዝባቸው ጥቂት ሳምንታት ይመጡና ውሃው መውጫ አጥቶ በግድግዳው ላይ ይወርዳል፣ ቀለሙ ያብጣል፣ እኔም በሌሊት እጠራለሁ። ሙቀቱ ሳይገባ የፊት ክዳኑን ከፍተው ኮይሉ ሥር ባለው ገንዳ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀስ ብለው ያፍስሱና አንድ ሰው ውጭ ቱቦው ጫፍ ላይ ይቁም፤ ውሃው በደቂቃ ውስጥ ካልደረሰለት ቱቦው ይጠረግ።