ለቀን ሥራና ለማታ ፊልም የሚሆን ሞኒተር አመራረጥ

አንድ ሞኒተር ቀን ዎርድና ኤክሴል፣ ማታ ደግሞ ፊልምና ኳስ እንዲያሳይ ከተፈለገ፣ ከስፋቱ በፊት መታየት ያለበት የፊደሉ ጥራት ነው። ፊልም ትንሽ ደብዘዝ ቢል ዓይን ይለምደዋል። ሙሉ ቀን የሚነበብ ጽሑፍ ከደበዘዘ ግን ማታ ራስ ምታት ነው። በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ጉዳዩ ይብሳል፤ ቱ እና ቲ፣ ጨ እና ጬ የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው። ቅጥያዋን የሚስሉት ፒክስሎች (የስክሪኑ ጥቃቅን ነጥቦች) ካነሱ ሁለቱ ፊደላት አንድ ይመስላሉ።

ስፋትና ፒክስል

የስክሪን ስፋት የሚለካው ከጥግ ወደ ጥግ፣ በሰያፍ፣ ፍሬሙ ሳይቆጠር ነው። 24 ኢንች 61 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጥራቱን የሚወስነው ግን በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ፒክስል እንደሚገባ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ሞኒተር በ24 ኢንች ላይ 92፣ በ27 ኢንች ላይ 82፣ በ32 ኢንች ላይ 69 ፒክስል ብቻ ይኖረዋል። 27 ኢንች ሆኖ 2560 በ1440 ከሆነ 109፣ 3840 በ2160 (ፎርኬ) ከሆነ 163 ይደርሳል።

ይህ በጽሑፍ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት፣ ታትሞ ባለ 10 ነጥብ የሚሆነውን ፊደል ያስቡ። በዚያው መጠን ስክሪን ላይ ሲወጣ፣ 82 ያለው ሞኒተር 11 ፒክስል ከፍታ ብቻ ይሰጠዋል፤ 109 ያለው 15፣ 163 ያለው ከ22 በላይ። ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጦ አማርኛ ለሚጽፍ ሰው 92 ዝቅተኛው ነው፤ 109 ምቹ ነው። ስለዚህ 27 ኢንች ሆኖ 1080 የሆነውን፣ ዋጋው ቢያባብልም፣ አይግዙ። ገንዘቡ ለ1440 ካልበቃ 24 ኢንች 1080 ይሻላል። ፎርኬ ሲገዙ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ማጉያውን ወደ 150 በመቶ ማድረግ ግድ ይሆናል፤ አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች ያኔ ይደበዝዛሉ።

ብዙዎች 32 ኢንች ቴሌቪዥን ገዝተው ለሁለቱም ሊያውሉት ያስባሉ። ካርቶኑ ላይ ኤችዲ ሬዲ የሚል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 1366 በ768 ነው፤ በኢንች 49 ፒክስል፣ ለሥራ ፈጽሞ አይሆንም። ቴሌቪዥን ካልሆነ በቀር ካሉ 43 ኢንች ፎርኬ ይሁን፤ የኤችዲኤምአይ መግቢያውንም በቴሌቪዥኑ ሜኑ ላይ ወደ ፒሲ ሁነታ ይቀይሩት። ይህ ካልተደረገ ብዙ ቴሌቪዥኖች የቀለሙን መረጃ ስለሚቀንሱት ባለ ቀለም ጽሑፍ ዳር ዳሩ ይቆሽሻል።

ፓነሉ

ፓነል ምስሉን የሚያሳየው የስክሪኑ ክፍል ነው፤ ዋና ዋና ዓይነቶቹ አይፒኤስ፣ ቪኤ፣ ቲኤንና ኦሌድ ናቸው። አይፒኤስ ከጎን ቢታይም ቀለሙ ብዙም አይለወጥም፤ ጥቁሩ ግን በጨለማ ክፍል ውስጥ ግራጫ ይመስላል፤ ንጽጽሩ (ነጩ ከጥቁሩ ስንት እጥፍ እንደሚደምቅ) ብዙውን ጊዜ 1000 ለ1 አካባቢ ነው። ቪኤ 3000 ለ1 ገደማ ስለሚደርስ የሌሊት ትዕይንት ያለበት ፊልም ያምርበታል። ችግሩ ጥቁር ፒክስሉ ቀርፋፋ መሆኑ ነው፤ በጥቁር ገጽ ላይ ጽሑፍ ወደ ላይና ወደ ታች ሲጎተት ከኋላው ጥላ ይተዋል። ቤተሰብ ዙሪያውን ተቀምጦ የሚያይ ከሆነ አይፒኤስ፣ አንድ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ መብራት አጥፍቶ የሚያይ ከሆነ ቪኤ ይምረጡ። ቲኤን አሁን የሚገዛበት ምክንያት የለም። ኦሌድ ለፊልም ወደር ባይኖረውም፣ ቀኑን ሙሉ ቦታውን የማይለቀው የዊንዶውስ የታችኛው መስመር በጊዜ ብዛት አሻራውን ሊተውበት ይችላል።

ካርቶን ላይ ካሉት ጽሑፎች ሁለቱ ብዙ ያሳስታሉ። ደማቁንና ጨለማውን አጉልቶ ያሳያል የሚባልለት ኤችዲአር 400 የሚለው ምልክት ለፊልም የሚጨምረው ነገር እምብዛም ነው። 1 ሚሊ ሰከንድ የሚለው የፒክስል ፍጥነትም የሚገኘው ፒክስሉን ከልክ በላይ በሚገፋ ሁነታ ወይም በተለየ አለካክ ነው። ኸርዝ ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ይናገራል፤ 60 ኸርዝ ለሥራም ለፊልምም ይበቃል፤ 100 ኸርዝ ገጽ ሲያንሸራትቱ ዓይን ያሳርፋል፤ 144 እና ከዚያ በላይ ጌም ለሚጫወት ነው።

ኬብልና ሪሲቨር

ሞኒተር ከመግዛትዎ በፊት የላፕቶፕዎን መሰኪያዎች ይዩ። ዩኤስቢ ሲ ሁሉ ምስል አያወጣም፤ መሰኪያው አጠገብ የዲስፕሌይፖርት ወይም የተንደርቦልት ምልክት ይፈልጉ፤ ምልክት ከሌለ የላፕቶፑን ሞዴል ዝርዝር ይመልከቱ። ምስል የሚያወጣ ከሆነና ሞኒተሩ 65 ዋት የሚሰጥ ከሆነ በአንድ ገመድ ምስሉም ይወጣል፣ ላፕቶፑም ቻርጅ ይሆናል። ፎርኬ የሚገዛ ሰው ላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ 2.0 እንዳለው ያረጋግጥ፤ 1.4 ከሆነ ፎርኬን በ30 ኸርዝ ብቻ ስለሚያወጣ ማውሱ ይንቀረፈፋል። የቆየው የቪጂኤ መሰኪያ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ ነው።

የዲሽ ሪሲቨር በኤችዲኤምአይ ቀጥታ ሞኒተር ላይ ይሰካል። ምስል ሳይመጣ ከክልል ውጭ (Out of Range) የሚል መልእክት ከታየ፣ ሪሲቨሩ በ1080አይ (መስመር እየዘለለ በሚያሳይ ምስል) ወይም በ50 ኸርዝ እያወጣ ሊሆን ይችላል። ሪሲቨሩን ቴሌቪዥን ላይ ሰክተው ወደ 1080ፒ 60 ይቀይሩና መልሰው ያምጡት። ድምፅም አይርሱ፤ ብዙ ሞኒተሮች ስፒከር የላቸውም፤ ያላቸውም በአብዛኛው 2 ዋት ነው። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያለውን ይምረጡና ስፒከር ከዚያ ያውጡ። ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ ብቻ ያለው የቆየ ሪሲቨር ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር መቀየሪያ ይፈልጋል። መቀየሪያው ባለ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ተቃራኒው፣ ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ የሚቀይረው፣ በመልክ ስለሚመሳሰለው ጽሑፉን አንብበው ይውሰዱ።

ያገለገለ ሲገዛ

ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ሞኒተሮች ለገንዘቡ ጥሩ ግዢ ናቸው። በዴል ላይ ከቁጥሩ በፊት ፒ ወይም ዩ የሚል ፊደል ያላቸው ለቢሮ የተሠሩ ናቸው፤ ቁመታቸው የሚስተካከል እግር ያላቸውም ብዙዎቹ ናቸው። 24 ኢንች ሆነው 1920 በ1200 የሆኑት ከ1080ዎቹ 120 መስመር ይበልጣሉ፤ ኤክሴል ላይ ብዙ ረድፍ ያሳያሉ።

ሱቅ ሲሄዱ የራስዎን ላፕቶፕና ገመድ ይያዙ፤ ሙሉ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑ አምስት ምስሎችም ያዘጋጁ። ሞኒተሩ ቢያንስ 20 ደቂቃ በርቶ ይቆይ፤ አንዳንዱ ጉድለት የሚወጣው ሲሞቅ ነው። በጥቁሩ ላይ ከጥግ የሚያፈስ ብርሃን፣ በነጩ ላይ ቢጫ ወይም ሮዝ ጥላ፣ በቀለሞቹ ላይ የሞተ ፒክስል ይፈልጉ። ከዚያ ብርሃኑን ወደ 20 በመቶ ያውርዱና በስልክ ካሜራ በቀስታ ሁነታ (ስሎው ሞሽን) ይቅረጹት፤ ጥቁር መስመሮች ከሮጡ ብርሃኑ ይርገበገባል፤ ማታ ሲሠሩበት ዓይን ያደክማል። በመጨረሻ ጨ ጩ ጪ ጫ ጬ ጭ ጮን በ10 ነጥብ ጽፈው ከወንበርዎ ርቀት ያንብቡ።

ጀርባውን ያንብቡ፤ የተሠራበት ዓመትና ወር አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አለ። 100–240 ቮልት የሚል ካለ ከአሜሪካም ከዱባይም ቢመጣ የሚቀየረው ገመዱ ብቻ ነው። ውጫዊ አዳፕተር ያለው ከሆነ ቮልቱ ትክክል፣ አምፔሩም ያላነሰ መሆን አለበት፤ 12 ቮልት ለሚፈልገው 19 ቮልት መሰካት ሰርኪዩቱን ያቃጥላል። እግር ከሌለው ከኋላ በ100 ሚሊ ሜትር ርቀት የተደረደሩ አራት የቡሎን ቀዳዳዎች መኖራቸውን ይዩ፤ ካሉ በክንድ ጠረጴዛ ወይም ግድግዳ ላይ ይታሰራል። በሻንጣ የሚያመጣ ዘመድ ካለ የካርቶኑን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ይደምር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለሻንጣ የሚፈቅደው ድምር 158 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 32 ኢንች ካርቶን ሊያልፈው ይችላል።

ከተገጠመ በኋላ

ዊንዶውስ ላይ ሪዞሉሽኑን ወደ ሞኒተሩ ትክክለኛ ቁጥር ያድርጉ፤ ኸርዙን ለብቻው ያስተካክሉ፤ 100 ኸርዝ ተገዝቶ 60 ላይ ተረስቶ የሚቀረው ብዙ ነው። ጥቁሩ በኤችዲኤምአይ ግራጫ ከሆነ በግራፊክስ ካርዱ ማስተካከያ ውስጥ የቀለም ክልሉን ወደ ሙሉ ይቀይሩ። ስክሪኑን መስኮት በጎን እንዲሆን ያዙሩት፤ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ከፍታ አይበልጥ። ማታ ከሞኒተሩ ጀርባ ደብዛዛ መብራት ማብራት የአይፒኤስን ጥቁር ጠለቅ አድርጎ ያሳያል፤ ዓይንም ያሳርፋል። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ ቮልቴጁ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ይቆዩና ይሰኩ። ስክሪኑን በአልኮልና በመስታወት ማጽጃ አይንኩት፤ አጥፍተው፣ በትንሹ በውሃ በረጠበ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይጥረጉት።