ለምተኛባት ሚኒባስ ሁለተኛ ባትሪ

ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ መቅረጽ ነው። ቤቴ ደሴ ነው፤ የሠርግ ወራት ሲሆን ግን ሐይቅ፣ መርሳ፣ ባቲ፣ ሐርቡ ነው የማድረው። የማድረውም አሮጌዋ ዶልፊኔ ውስጥ ነው። የኋላ ወንበሮቹን አውጥቼ ፍራሽ ዘርግቻለሁ። ትንሽ ፍሪጅ፣ መብራት፣ የካሜራና የላፕቶፕ ቻርጀር አለኝ። ሁሉንም ግን ከመኪናው ባትሪ ነበር የምስበው።

አንድ እሁድ ሌሊት ባቲ አደርኩ። ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም አለ። ፍሪጁ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን ሲጠባው አድሯል። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ መንገዱ በሰውና በግመል ከመሙላቱ በፊት መውጣት ነበረብኝ። ለገበያ የመጡ ሰዎች ገፍተው አስነሱልኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ሁለተኛ ባትሪ ላስገባ የወሰንኩት። እናንተም መኪናችሁ ውስጥ የምታድሩ ወይም የምትሠሩ ከሆነ እኔ የሠራሁትን ልንገራችሁ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። አንዱ ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ብቻ፣ ሌላው ለሌሊቱ። ሞተር ሲሠራ ይገናኛሉ፣ አብረው ይሞላሉ። ሞተር ሲጠፋ ይለያያሉ።

ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ወረቀት ያዙ። የእኔ ፍሪጅ ሲሠራ 4 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ግማሹን ሰዓት ስለሚያርፍ በአማካይ 2 አምፔር በሉት። በ12 ሰዓት 24 አምፔር ሰዓት ማለት ነው። ለመብራት 4፣ ለካሜራና ለላፕቶፕ 12 ጨምሩ። 40 ሆነ። የሊድ አሲድ ባትሪ (እርሳስና አሲድ ያለበት የተለመደው ዓይነት) ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ ስለዚህ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ገዛሁ። ተራ የመኪና ባትሪ ግን አትግዙ። ውስጡ ያሉት የእርሳስ ፕሌቶች ስስ ናቸው፤ ለቅጽበት ብዙ ጉልበት እንዲሰጡ የተሠሩ ናቸው እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ በቀስ መጠባትን አይችሉም። የሶላር ባትሪ የሚሸጡበት ሱቅ ሂዱና ዝግ የሆነውን ጠይቁ። ክዳኑ የሚከፈተው ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል። ጋዙ በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል። እናንተ ከምትተኙበት ክፍል ውስጥ ቦታ የለውም።

የእኔን ያስቀመጥኩት ከሹፌሩ ወንበር ኋላ፣ ወለሉ ላይ ነው። የዶልፊን ሞተር ከፊት ወንበር ስር ስለሆነ እዚያ ሙቀት አለ፤ ሙቀት ደግሞ የባትሪ ዕድሜ ይበላል። ከታች የብረት ፍሬም፣ ከላይ ወፍራም ማሰሪያ አድርጌለታለሁ። ወደ 30 ኪሎ የሚመዝን ነገር ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ ስትወርዱ ድንገት ፍሬን ብትይዙ ያልታሰረ ባትሪ የት እንደሚሄድ አስቡት።

አሁን ሽቦው። መጀመሪያ የዋናውን ባትሪ ኔጌቲቭ ፍቱ። ሁልጊዜ ኔጌቲቩ ቀድሞ ይወጣል፣ መጨረሻ ይገባል። ምክንያቱም ኔጌቲቩ ሳይፈታ በፖዘቲቩ ላይ ያለ መፍቻ የመኪናውን አካል ከነካ ብልጭታው እጅ ያቃጥላል። ከዋናው ፖዘቲቭ ተነስቶ ወደ ሁለተኛው የሚሄደው ገመድ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ነው። የእኔ ርዝመቱ 3 ሜትር ነው። ቀጭን ገመድ ርካሽ ነው፤ ግን ራሱ ይሞቃል፣ ቮልቴጁም መንገድ ላይ ይቀራል። ባትሪው መቼም አይሞላም።

ፊውዝ ላይ አትቆጥቡ። ባለ 60 አምፔር ሁለት ፊውዝ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከዋናው ባትሪ አጠገብ፣ ሌላው ከሁለተኛው አጠገብ፣ ከፖዘቲቩ አንድ ስንዝር ሳይርቁ። ብዙ ሰው አንድ ብቻ ያደርጋል። ገመዱ መሃል ላይ ተፍቆ የመኪናውን ብረት ቢነካ ግን ኃይል የሚመጣው ከሁለቱም ወገን ነው። የተኛ ሰው ያለበት መኪና ነው። ይሄን ጉዳይ ለማንም ስነግር ድምፄ ይከርራል፤ አውቃለሁ። ገመዱ ብረት በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ላስቲክ አድርጉ። ናስትሮ ብቻውን አይበቃም።

ማሳውን፣ ማለትም ከኔጌቲቩ ወደ መኪናው አካል የሚሄደውን ገመድ፣ ደግሞ ቀለሙን ፍቃችሁ በንጹሕ ብረት ላይ በቡሎን እሰሩት፣ ከላይ ግሪስ ቀቡት።

በሁለቱ ባትሪዎች መሃል ሪሌ፣ ማለትም ራሱ የሚያገናኝና የሚለያይ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ይገባል። በቁልፍ የሚታዘዘውን ተራ ሪሌ ተውት። ቁልፍ ስታዞሩ ሁለቱን ባትሪ ያገናኝና ሞተሪኖው ከሁለተኛው ባትሪ ጭምር ይጎትታል፤ ፊውዙ ይቃጠላል። ቮልቴጅ የሚያነበውን ግዙ። ዲናሞው ሠርቶ 13.3 ቮልት ገደማ ሲደርስ ያገናኛል፣ ወደ 12.8 ሲወርድ ይለያል። ለአሮጌ መኪና ይሄ ይበቃል። አዳዲሶቹ መኪኖች ዲናሟቸውን በኮምፒውተር ስለሚቀንሱ፣ ሊቲየም ባትሪም ለሚያስገባ ሰው፣ ከባትሪ ወደ ባትሪ የሚሞላ ቻርጀር ነው የሚሻለው።

ሁሉም ተሠራ፣ ደስ አለኝ። በስምንተኛው ወር ግን ፍሪጁ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መጥፋት ጀመረ። ባትሪው ሞተ ብዬ አዲስ ልገዛ ኮምቦልቻ ወረድኩ። እዚያ አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ አሉ። ቴስተር አድርገው 11.9 ቮልት አነበቡ።

«ከሰኞ እስከ አርብ የት ነው የምትነዳው?» አሉኝ።

«ደሴ ኮምቦልቻ ነው ጋሼ።»

«አብሽር ልጄ። አልሞተም፣ ርቦት ነው።»

ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። እኔ መንገዱ ባትሪውን የሚሞላው መስሎኝ ነበር። እሳቸው እንዳስረዱኝ የሊድ አሲድ ባትሪ እስከ 80 በመቶ ድረስ ቶሎ ይጠጣል፤ የቀረውን ግን ጠብታ በጠብታ፣ ለሰዓታት ነው የሚወስደው። ግማሽ ጠጥቶ ሲቀመጥ ፕሌቱ ላይ ነጭ ነገር ይጋገርበታል። በቆየ ቁጥር ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ ቦታው ተመልሶ ኃይል አይዝም። በዘገምተኛ ቻርጀር፣ በ14.4 ቮልት፣ ሁለት ሌሊት አሳደሩልኝ። አብዛኛው ተመለሰ፤ የተጋገረው ግን ቀረ።

ስለዚህ አሁን በሳምንት አንድ ቀን መብራት ካለ ባትሪው ከቤት ቻርጀር ላይ ይውላል፣ ያድራል። በእናንተ ባትሪ ላይ የተጻፈውን የመሙያ ቮልቴጅ አንብቡ፤ ጄል የሆኑት አንዳንዶቹ ከዚህ ያነሰ ነው የሚፈልጉት። ጣራዋ ላይም ባለ 100 ዋት ሶላር ሰቅያለሁ። በጋ ላይ በቀን 25 አምፔር ሰዓት ያህል ይሰጠኛል። ሐምሌና ነሐሴ የጦሳ ተራራ በጉም ሲሸፈን ግን አልተማመንበትም። ስትገጥሙት የሶላሩን መቆጣጠሪያ ቀድማችሁ ከባትሪው ጋር አገናኙት፣ ፓነሉን ከዚያ በኋላ።

የቀረው ጥገና ትንሽ ነው። ጫፎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ቫዝሊን ቀቡ። በዓመት ሁለቴ ቡሎኖቹን አጥብቁ፤ የእኛ መንገድ ያላላቸዋል። የሚከፈተው ዓይነት ዋና ባትሪ ካላችሁ ፕሌቶቹ መሸፈናቸውን እዩና ከጎደለ የተጣራ (ዲስቲልድ) የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምሩ። አሲድ አይጨመርም፣ የቧንቧ ውሃም አይሆንም።

ቴስተሬ ከሹፌሩ በር ኪስ አይወጣም። አርብ ማታ፣ መኪናዋ ጥቂት ሰዓት ካረፈች በኋላ፣ ምንም ሳላበራ እለካለሁ። 12.7 ካነበብኩ ዕቃዬን እጭናለሁ። 12.4 ከሆነ ቻርጀሩን ሰክቼ ቅዳሜ ጠዋት እነሳለሁ። ከ12.2 በታች ከሆነ ፍሪጁን ቤት ትቼ እሄዳለሁ።