ጥፋቱን ደፍሮ የሚናገር ልጅ ለማሳደግ

ጀበናው አንገቱ ተሰብሮ ሲገኝ በብዙ ቤት የሚቀድመው ጥያቄ «ማነው የሰበረው?» የሚል ነው። የስምንት ዓመቱ ልጅ እጁን ወደኋላ አድርጎ ቆሟል፤ ጠያቂዋ እናትም መልሱን ታውቀዋለች። በዚያች ቅጽበት ልጁን የሚያስጨንቀው ጀበናው ሳይሆን ቁንጥጫው ስለሆነ «እኔ አይደለሁም» ይላል። አንድ ቀን የሆነ ነገር ጠባይ አይሆንም፤ ነገሩ ሲደጋገምና ውሸቱ ሲያዋጣው ግን መደበቅን ይዞ ያድጋል። የሒሳብ ስሕተቱን ለአለቃው ከመንገር ይልቅ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ የሚሸሽግ ሠራተኛ ወይም ዕዳውን ከሚስቱ የሚሰውር ባል ስናይ ልማዱ ብዙ ጊዜ ልጅነቱ ድረስ ይመዘዛል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ቪክቶሪያ ታልዋርና ካንግ ሊ በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ባሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች የሚማሩ የ3 እና የ4 ዓመት ሕፃናትን ያነጻጽራል። በአንደኛው ዱላ፣ ጥፊና ቁንጥጫ የተለመዱ ሲሆኑ በሌላው ግን አልነበሩም። ልጆቹ ከጀርባቸው የተቀመጠውን መጫወቻ ዞረው እንዳያዩ ተነግሯቸው ለብቻቸው ሲተዉ በሁለቱም ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ዞረው አዩ። ልዩነቱ የመጣው ሲጠየቁ ነው፤ በዱላ የሚቀጡት ከሌሎቹ ይበልጥ የዋሹ ሲሆን ውሸታቸውም እንዳይነቃበት አድርገው ይዘውታል።

እንግዲህ መጀመሪያ ማድረግ ያለብዎ መልሱን የሚያውቁትን ጥያቄ አለመጠየቅ ነው። «ጀበናው መሰበሩን አይቻለሁ፤ እንዴት ሆነ?» ቢሉ ልጁ የሚክደው ነገር ስለማይኖር በቀጥታ ወደ ታሪኩ ይገባል። በቁጣ እየነደዱ ከሆነ «አሁን ተናድጃለሁ፤ ቡናው ካለቀ በኋላ እንነጋገራለን» ማለት አያሳፍርም፤ ቀጠሮው ግን ሳይመሽ መፈጸም አለበት፤ አለዚያ ልጁ ሌሊቱን በፍርሃት ያሳልፋል።

መለዘብ ሥርዓትን መተው አይደለም። ጥፋቱን ሊክስ ይገባል፤ ስብርባሪውን አብሯችሁ ይጥረግ፣ አዲሱን ጀበና ለመግዛት ገበያ አብሯችሁ ይሂድ፣ ለቡሄ ሆያ ሆዬ ብሎ ካጠራቀመውም ጥቂት ብር ያዋጣ። እንዲህ ሲሆን ጥፋት የሚጠገን ነገር መሆኑን በእጁ ይማራል፤ ኩርኩም ግን ጀበናውን አይተካም።

በእኛ ዘንድ አብዝቶ የሚዘነጋው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ልጁ እያፈረ የነገረንን ጉድ በማግስቱ ቡና ላይ ለጎረቤት እያሳቅን እንተርከዋለን፤ እሱም ጥግ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። ይህን ያየ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ለምን ይነግረናል? ከቁንጥጫው ይልቅ ይህ አፉን ይዘጋዋል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ልጁ የነገረዎን፣ ለአያቱም ቢሆን፣ ሳያስፈቅዱት ለሌላ ሰው አይንገሩ።

የወላጅም ምሳሌነት አለበት። ስልክ ሲጠራ «አባቴ የለም በለው» ተብሎ የታዘዘ ልጅ ውሸት ለትልቅ ሰው እንደሚፈቀድ ተምሯል፤ ምክር ቢደረደርለት አይሰማም። ያለ ጥፋቱ የተቆጡት ቀን ደግሞ «ይቅርታ ልጄ፣ ሳታጠፋ ነው የተቆጣሁህ» ይበሉት። ይህ የወላጅን ክብር ይቀንሳል የሚሉ አሉ፤ እኔ እንደማየው ግን ወላጁ ሲሳሳት ጥፋቱን እንዴት እንደሚያምን ያላየ ልጅ ራሱ ሲሳሳት የሚከተለው አርአያ የለውም።

ፍሬው ቶሎ አይታይም። ከወራት በኋላ ግን ልጁ ሳይጠየቅ ወደ ማድ ቤት ብቅ ብሎ «እማዬ፣ ብርጭቆ ሰበርኩ» ሊልዎ ይችላል። ያን ጊዜ የያዙትን ማማሰያ አስቀምጠው በመጀመሪያ ጣቱን እንዳልቆረጠው ይመልከቱ፤ ቀጥሎም ስለነገረዎ ያመስግኑትና መጥረጊያውን ያቀብሉት።